ልጄ ጉርድ ፎቶዋን ቀደደችው

የሆጤዋ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ደሴ ነው ያለሁት፣ ሆጤ አካባቢ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል አለ።

ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ ትወስዳለች። ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባሉ። ቅዳሜ ፒያሳ ወስጄ አስነሳኋት። አራት ፍሬ። ቤት ስንደርስ ፖስታውን ከፈተችና አየችው። ዝም አለች። ከዚያ አራቱንም ደርባ ቀደደቻቸው። «ምነው?» ስላት «ይቺ እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

ፎቶውን እኔም አይቼዋለሁ። እሷው ናት። ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ሁለት ብጉር፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ። ስልኳን አወጣችና «እኔ ይቺ ነኝ» ብላ አሳየችኝ። ያየኋት ልጅ ቀይ ናት። አፍንጫዋ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ጉንጯ የገባ። ልጄን ትመስላለች፣ የአክስት ልጅ እንደሚመሳሰለው።

ሌላም አለ። ከሁለት ወር ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ሱና መጾም ጀመረች። ደስ አለኝ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ቆይቼ ሳስተውል ግን መግሪብ ሲደርስም የምትቀምሰው ሁለት ተምርና ውሃ ነው። «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ «ጓደኛዬ ስለምትጾም አብሬያት ውያለሁ» አለችኝ። በሁለቱም ሃይማኖት የምትጾም ልጅ ወለድኩ ብዬ ስቄ ነበር። ወሎ አይደል ያለነው! አሁን ግን ሳቁ ጠፍቶብኛል።

አባቷ ልጅነት ነው፣ ያልፋል ይላል። ስልኩን ልቀማት? ምን ልበላት?

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ቀሚያትና ይለይለት። ይህን ያህል ጽሑፍ ምን ያስፈልጋል? እኛ ስናድግ ቤታችን የነበረው መስታወት የአባቴ የጢም መላጫ መስታወት ብቻ ነበር። የመዳፍ ያህል። ግንባርህን ስታይ አገጭህ አይታይህም። ሰላም ነበርን።

---

ቡና ጠጪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ሃሃሃ የመላጫዋ መስታወት! እኛም ቤት ነበረች። ጥጓ የተሰበረ።

---

ፎቶ አንሺው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ልጅሽን ያነሳኋት እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም። የፈተና ምዝገባ ሰሞን ቅዳሜ ወንበሩ አይቀዘቅዝም።

አባቴም ፎቶ አንሺ ነበር። ሰው ፎቶ መነካካት በኮምፒውተር የተጀመረ ይመስለዋል። አባቴ በጥቁርና ነጭ ዘመን ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ይደግፍና በሹል እርሳስ ይነካካው ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ያጠቆርከው ሲታተም ነጥቶ ይወጣል። ስለዚህ ብጉር ያለበትን ቦታ ነጠብ ነጠብ ያደርገዋል። ዓይኑ እስኪያለቅስ። አንድ ፊት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅበት የሚሠራው ለሙሽራ ብቻ ነበር። ሰው በዕድሜው አንዴ ነበር ከራሱ በላይ አምሮ የሚታየው።

አሁን አንድ ቁልፍ ነው።

የደንበኛ ጥያቄ ሲቀየር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ «ብጉሬን አጥፋልኝ» ነበር። እሺ፣ ብጉር እንግዳ ነው፣ ይሄዳል። ቀጥሎ «ትንሽ አቅላኝ» መጣ። አሁን ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው «እንደዚህ አርገኝ» ይሉኛል። የሚያሳዩኝ ማንን መሰለሽ? ራሳቸውን። በፊልተር የተነሱትን። ድሮ የአርቲስት ፎቶ ከመጽሔት ቆርጠው ነበር የሚያመጡት። ከአርቲስት ብታንሺ «እሷ እኮ አርቲስት ናት» ብለሽ ትጽናኛለሽ። ከራስሽ ስታንሺ ምን ብለሽ ትጽናኛለሽ?

አንድ የሙያ ነገር ልንገርሽ፣ ለልጅሽ ንገሪያት። ስልክ ክንድሽን ዘርግተሽ ስታነሺበት ለፊትሽ በጣም ቅርብ ነው። አፍንጫ ደግሞ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው ይቀርባል፣ ስለዚህ ያብጣል። የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ያወጡት ስሌት አለ። ከ30 ሳንቲሜትር የተነሳ ሰልፊ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲተያይ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ያን ጥናት ያስጀመራቸው ሰልፊ እያሳየ «አፍንጫዬን አሳንሱልኝ» የሚል ሰው ስለበዛባቸው ነው። አየሽ ጨዋታውን? ስልኩ ራሱ ያሰፋዋል፣ ያው ስልክ ውስጥ ያለው ፊልተር ደግሞ ያጠበዋል። ቁስሉም መድኃኒቱም ከአንድ ሱቅ።

ጉርድ ፎቶ ግን አልነካም። ለፈተና የመጣችው ልጅ እሷ መሆኗን ፈታኙ ማወቅ አለበት። በሥራ ቀን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ይዘሻት ነይ። ክፍያ የለውም።

---

ጠይሟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እትዬ፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። ስልኩን ይቀሟት ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል አይደል? ከነሐሴ 2015 ጀምሮ። ስልካችን በራሱ ተቀማ ማለት ነው። እኔ ዳንኩ? አልዳንኩም። ጋለሪዬ ውስጥ የቀሩትን የፊልተር ፎቶዎች እያወጣሁ ማታ ማታ አያቸው ነበር። እንደሞተ ዘመድ ፎቶ።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ? ጥቁር መሆኔን መጀመሪያ የነገረኝ ቲክቶክ አይደለም። አክስቴ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር በሩን ገና ሳልፍ «ውይ ጠቆርሽ!» ትለኛለች። ሰላምታዋ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ምን አጥፍቼ ነው ብዬ እጄን አየሁ።

የወሎ ልጅ መሆንም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄድኩ። «ከየት ነሽ?» «ከደሴ።» «ውይ የቆንጆ አገር!» ይሉና ቀና ብለው ያዩኛል። ከዚያ ዝም። ሒሳቡ አልገጠመላቸውም። በዘፈኑ ሁሉ የወሎ ቆንጆ፣ የወሎ ቆንጆ። ያልተዘፈነልን የት እንግባ?

እትዬ፣ ልጅዎ ፎቶዋን ስለቀደደች አይቆጧት። ቢያንስ አሳይታዎታለች። እኔ ለእናቴ አላሳየኋትም።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

እሺ። ይህን አላሰብኩትም።

---

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊት ሁለት መልሶች አጥፍቻለሁ። የማቅያ ክሬም ሻጭ ነው፣ ስልክ ቁጥሩን ጭምር ለጥፎ ነበር። በዚህ ክር ላይ! ዓይን አውጣ።

---

ነርስ ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

እህቴ አብሽሪ። እኔ ስለ ጾሙ ነው የምጽፍልሽ፣ ከፎቶው በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ሴት ልጅ የወር አበባ በምታይበት ዕድሜ አካባቢ ትሞላለች። ዳሌዋ ይሰፋል፣ ጭኗ ይደነድናል። ሰውነቷ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ክፋቱ ይህ የሚሆነው ስልኩ «ቅጠኚ» በሚላት ዓመት መሆኑ ነው። ወንዱ ሲጎረምስ ትከሻው ይሰፋል፣ ወደሚደነቀው ይሄዳል። እሷ ደግሞ በየቀኑ ከሚደነቀው የምትርቅ ይመስላታል። ስለዚህ ምግብ ትቀንሳለች። እኛ አገር ደግሞ ምግብ ለመቀነስ ከጾም የተሻለ መደበቂያ የለም። ማን «ለምን ጾምሽ?» ይላል? እንዲያውም ትመረቃለች።

ጾሟን አትከልክያት፣ ጸብ ይሆናል። ማፍጠሪያውን ተመልከቺ። ለአላህ የጾመ ሰው ሲያፈጥር ይበላል። አብረሽ ተቀመጪ፣ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለሌላ እያወራሽ። ሚዛን ቤት ውስጥ ካለ አውጪው። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከዘለለ፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ካዞራት፣ ሁልጊዜ ከበረዳት፣ ወይም በበላች ቁጥር ወዲያው ሽንት ቤት ከገባች አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ውሰጃት። ደሟንም አስለኪላት። በዚህ ዕድሜ ደም ማነስ ቶሎ ይይዛል።

ደግሞ ሳትቆጪ ጠይቂያት፦ ፊቷ ላይ የምትቀባው ነገር አለ? ማቅያ እየተባለ በየሱቁ ከሚሸጠው ውስጥ ክሎቤታሶል ያለበት አለ። ይህ ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ፊት ላይ ሲቀባ መጀመሪያ ያቀላል፣ ያለሰልሳል። ጓደኞቿ «ምን ተቀባሽ?» ይሏታል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉሩ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ልተወው ስትል ፊቷ ይቃጠላል፣ ደም ይመስላል። ስለዚህ ተመልሳ ትቀባዋለች። ሜርኩሪ ያለበትም አለ፣ እሱ ኩላሊት ድረስ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱን ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከልክሎታል። ሱቁ ግን ስምምነቱን አላነበበም።

በድንገት ማስቆምም አይደለም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት።

---

ቡና ጠጪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁም ደህና አወራችሁ። እኔ ግን ትንሽ ልቃወም። አያቴ ድዷን ተነቅሳለች። በመርፌና በጥላሸት። ሳምንት ሙሉ በአጥሚት ነው የኖርኩት ትላለች። ለምን? ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ። አንገቷም ላይ ሦስት መስመር አለ። ያን ጊዜ ኢንስታግራም ነበር? ሴት ልጅ ለማማር የማትሆነው ነገር የለም፣ ድሮም። ስልኩ ላይ ብቻ አትዝመቱ።

ደግሞ ይህች ከተማ በ2014 በጦርነቱ ያየችውን አይታ ዛሬ ስለ አፍንጫ ስናወራ ትንሽ ይገርመኛል።

---

መምህሩ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ቡና ጠጪ፣ ወንድሜ፣ የአያትህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን ልዩነቱን እይ። አያትህ አንዴ ተነቀሰች፣ አመማት፣ ዳነች፣ አለቀ። የመንደሩ ሴት ሁሉ ያላትን አገኘች። የአሁኗ ልጅ የምትሮጥበት ነገር ማለቂያ የለውም። ደግሞ ራሷን የምታነጻጽረው ከመንደሯ ጋር አይደለም።

የ2014ቱን ደግሞ እንዲህ አስበው። የዚያን ጊዜ ይህች ልጅ አሥር ዓመት አልሞላትም ይሆናል። ከቤቷ የወጣች ልጅ ተመልሳ ስለ ፊቷ ብትጨነቅ እኔ አይገርመኝም።

አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ፣ ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግረው ነው። ፊጂ የሚባል የደሴቶች አገር አለ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ። እዚያ ድሮ መወፈር ክብር ነበር። ሰው ሲገናኝ «ወፈርሽ» ይባባላል፣ ምርቃት ነው። የከሳች ልጅ ካለች ዘመዶቿ ይታማሉ፣ አላበሏትም ተብሎ። እናቶቻችንን አላስታወሷችሁም? «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሲሉን የነበሩትን? «ምነው ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?» የሚሉትን?

ናድሮጋ የሚባለው ክፍለ ሀገራቸው ቴሌቪዥን የገባለት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ነው። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ ገና እንደገባ ሴት ተማሪዎችን ጠየቀች። በ1998 ተመልሳ በዚያው ዕድሜ ያሉትን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ለመክሳት ብላ የምታስታውክ አንድም ልጅ አልነበረችም። በሦስት ዓመቱ 11.3 በመቶ ሆኑ። 74 በመቶዎቹ ደግሞ «ወፍራም ነኝ ብዬ ተሰምቶኝ ያውቃል» አሉ። የተጠየቁት በየዙሩ 60 ምናምን ልጆች ናቸው፣ ብዙ አይደሉም። በእነዚያ ዓመታት የተለወጠውም ቴሌቪዥን ብቻ ላይሆን ይችላል። ግን ልጆቹ ራሳቸው በአፋቸው «እንደ ድራማዋ ሴት መሆን እፈልጋለሁ» ብለዋል።

ይህ እንግዲህ በጋራ የሚታይ አንድ ቴሌቪዥን ነው። የምታየው እሷ፣ የሚታዩት ሌሎች። አሁን ግን ልጅቷ ራሷ የምትታየው ሆናለች። ዋጋ የሚቆርጡላት ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ በላይክ።

ኩባንያዎቹም ያውቁታል። በ2021 መስከረም፣ ያው እንደ ፈረንጅ፣ ከፌስቡክ የወጡ የውስጥ ሰነዶች ጋዜጣ ላይ ታተሙ። አንዱ ገጽ ላይ፣ ስለ ኢንስታግራም፣ ከሦስት ጎረምሳ ሴቶች በአንዷ ላይ ስለ ሰውነቷ ያላትን ስሜት እናባብሳለን የሚል ነገር ራሳቸው ጽፈዋል። በ2019 ያዘጋጁት ነው። ኩባንያው ከዐውዱ ውጭ ነው የተጠቀሰው ብሎ ተከራከረ። ቲክቶክም በ2024 መጨረሻ ላይ አንዳንድ መልክ የሚቀይሩ ፊልተሮችን ከ18 ዓመት በታች ላሉት እገድባለሁ ብሏል። ጥሩ። ግን እስቲ ልጆቻችሁን የትውልድ ዓመታችሁን ስንት ብላችሁ አስገባችሁ በሏቸው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ጠየቅኩ። አንዷ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች።

---

ጠይሟ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ሃሃሃ መምህር፣ እኔ 1990 ነው ያልኩት። በፈረንጅ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔ ትናንት ቀሚያት ያልኩት ሰው ነኝ። ኮምቦልቻና ደሴ የምመላለስ ሹፌር ነኝ፣ ዛሬ ሐረጎን ስወጣ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትንሿን «ድቡልቡል» ነው የምላት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። በፍቅር ነው። ዛሬ ማታ በሩን ስከፍት አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ። ስሟን ጠራኋት። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

---

ነርስ ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ወላሂ እንባዬ መጣ።

---

የሆጤዋ እናት | በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወገኖች፣ አላህ ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ።

የጠይሟን ጽሑፍ ለልጄ አነበብኩላት። ያክስቷን ነገር ስደርስ ሳቀች። ከዚያ «የኛዋም አክስት እንደዚያ አይደለች?» አለች። አላወቅኩም ነበር። እኔ እህቴ ጨዋታ የምታውቅ ነበር የሚመስለኝ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፎቶ አንሺው ጋ ሄድን። ለካ ቅዳሜ ያነሳት እሱ አይደለም። መጀመሪያ በራሷ ስልክ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ያለ ፊልተር እንድትነሳ አደረጋት። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በትልቁ ካሜራ፣ ራቅ ብሎ አነሳት። ሁለቱን ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አደረገና ምንም ሳይል ሻይ ሊያዝ ወጣ። እሷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በጣቷ አንዱን አፍንጫ ለካች፣ ሌላውንም ለካች። «ኧረ!» አለች። ሌላ ምንም አላለች።

ሻዩ ሲመጣ ከመሳቢያው የአባቱን ኔጋቲቭ አውጥቶ ሰጣት። የሙሽራ ነው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። የእርሳሱ ነጠብጣብ ጉንጯ ላይ እንደ አሸዋ ተረጭቷል። «ይቺ ሴት አሁን አለች?» ብላ ጠየቀችው። «አለች፣ አሮጊት ናት፣ ሰኞ ገበያ አያታለሁ» አላት።

ክሬሙ ነበረ። ቦርሳዋ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ። ነርሷ እንዳለችው ሳልቆጣ ጠየቅኳት። ማለቴ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ አይቷታል፣ ደሟም ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ መድኃኒት ጀምራለች። ስልኩን አልቀማኋትም። ማታ ሲተኛ ሳሎን ይደር ተባብለናል። የኔም ጭምር፣ እሱ ከበደኝ።

ትናንት ሰኞ ጾማ ነበር። መግሪብ ላይ ሾርባ ጠጣች። አንድ ሳምቡሳ በላች፣ ከሁለተኛው ግማሹን። አላየሁም ብዬ ነው የቆጠርኩት።

ቡና እየቀዳሁ ጎረቤታችን ገባች። ደግ ሴት ናት፣ ልጄን ክርስትና ማንሳት ብቻ ነው የቀራት። ልጄን አየችና «ውይ ከሳሽ፣ እንዴት አማረብሽ!» አለቻት። ጀበናው እጄ ላይ ቆመ። ልጄ አየችኝ። እኔም አየኋት። ምን እንደምል ጠፋኝና ስለ ስኳር ዋጋ ጠየቅኳት፣ ሴትዮዋን። እሷም ስለ ስኳር ማውራት ጀመረች። ልጄ ተነስታ የተረፈውን የሳምቡሳ ግማሽ ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች። ትብላው ትጣለው አልተከተልኳትም።

አራቱን ጉርድ ለትምህርት ቤት ሰጥታለች። ፎቶ አንሺው አምስተኛ ጨምሮላት ነበር። እሱን የት እንዳደረገችው አላውቅም። ቅርጫቱን አይቻለሁ፣ የለም።